«አምኗል፣ አለቀ» ሲሉን «ግልባጩን አምጡልኝ» ላለችው ጠበቃ

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልን የሀገሬ ልጆች። ደሴ ያለች አንዲት ጠበቃ የዋለችልንን ውለታ ሳልናገር ብቀር ይከብደኛል።

ታናሽ ወንድሜ ሐይቅ አካባቢ በመስኖ ውሃ ተራ ከጎረቤት ተጣልቶ በቀላል የአካል ጉዳት ተከሰሰ። ጠበቃ አልነበረውም። አብረውት የታሰሩት «እመን፣ ቅጣቱ ይቀልልሃል» ብለው መከሩት። ችሎት ቀርቦ ቃሉን ሰጠ፤ በዚያው ቀን ጥፋተኛ ተባለና 8 ወር ተፈረደበት። ይግባኝ ለማለት ብንሯሯጥ ያማከርነው ሁሉ «ያመነ ሰው ምን ይግባኝ አለው?» እያለ መለሰን። እናቴ እህል አልቀምስ አለች።

ጠበቃዋ ጋ የደረስነው በ12ኛው ቀን ነው። የይግባኝ ማስታወቂያ፣ ማለትም «ይግባኝ እንላለን» ብሎ የሚያሳውቀው ወረቀት፣ ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ መግባት አለበት፤ እኛ ይህን ከየት እንወቀው! ዕለቱን ጽፋ አስገባችልን። ክፍያ ስናነሳባት «መጀመሪያ የመዝገቡን ግልባጭ አምጡልኝ፤ ሳላነብ ገንዘባችሁን አልቀበልም» አለች። ክርክሩ የሚጻፍበት የይግባኝ ማመልከቻ ራሱ ግን ግልባጩ ከደረሰ በኋላ 30 ቀን አለው።

ግልባጩ ሲመጣ ገጾቹን ገልብጣ የእምነት ክህደት ቃሉ ላይ፣ ወንድሜ ስለ ክሱ ተጠይቆ የመለሰው ላይ፣ ቆመች። «መትቼዋለሁ፤ ግን ቀድሞ በዱላ የመታኝ እሱ ነው፣ ሊደግመኝ ሲል ነው የመታሁት» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ «ግን» የምትለዋን ቃል በእርሳስ ከበበቻትና ወረቀቱን ወደኛ አዙራ «ይሄ እምነት አይደለም» አለችን። እኔ ያን ወረቀት ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ቃሏን አላየኋትም።

በሚገባን አማርኛ አስረዳችን። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 185 መሠረት ክሱን አምኖ የተፈረደበት ሰው ይግባኝ የሚለው በቅጣቱ መጠን ወይም ሕጋዊነት ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ የመለሱን ሰዎች አልዋሹም። ነገር ግን አንቀጽ 134 እምነት የሚለው ተከሳሹ የክሱን ፍሬ ነገር በሙሉ ያለ ምንም ማስተባበያ ሲቀበል ነው። ራሴን ስከላከል ነው ያለ ሰው ክዷል ተብሎ ተመዝግቦ ማስረጃ ሊሰማ ይገባል። የይግባኙ ክርክር በሙሉ ያቺ «ግን» ላይ ቆመ።

አልሀምዱሊላህ፣ ይግባኝ ሰሚው ችሎት የጥፋተኝነት ፍርዱን ሽሮ ማስረጃ እንዲሰማ መዝገቡን መለሰው። ወንድሜ አሁን በዋስ ቤቱ ነው። ጠበቃዋ ደጋግማ «ነጻ ወጣ እያላችሁ እንዳታወሩ፣ ክርክሩ ገና ነው» ብላናለች፤ እኔም አልልም። የተጎዳውም ጎረቤታችን ነውና ምስክሩን ያሰማ። እኛ የፈለግነው የኛም እንዲሰማ ነበር።

ክፍያዋን ቁርጥ አድርጋ ነግራን፣ በሁለት ጊዜ ተቀብላ፣ ደረሰኝ ሰጥታናለች። እንደምታሸንፍ አንድም ቀን ቃል አልገባችም። ስንጨነቅ ግን «አብሽሩ» ትለናለች፤ ስንደውልም ታነሳለች። እናቴ ቤት ጠርታ ቡና አፍልታ፣ እጇን ዘርግታ ዱዓ አድርጋላታለች። ከኛ ቤት ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለም።

አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ቀኑ እንዳያልፍባችሁ ዛሬውኑ ሂዱ፤ የመዝገቡ ግልባጭ እጃችሁ ከገባ ይዛችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።