ጅማ ላይ «ያልተገደበ የአረብ አገር ጥሪ» እየተባለ የሚሸጠውን አፕ አትግዙ

«አንዴ ክፈል፣ ዕድሜ ልክህን ደውል» የሚል ወረቀት የለጠፈ ሞባይል ቤት ካያችሁ፣ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። አሠራሩ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ገበያ ቀን ከሰቃ ወይም ከማና የመጣች እናት ልጇ ጅዳ ወይም ዱባይ ናት። በካርድ መደወሉ አክስሯታል። ባለሱቁ ስልኳን ተቀብሎ ከራሱ ስልክ በዜንደር አንድ ፋይል ይልክና ይጭናል፤ ስልክ ቁጥሯን አስገብቶ የመጣውን ኮድ እሱ ራሱ ይሞላል፣ ጥቂት መቶ ብር ተቀብሎ ይሸኛታል። በመጀመሪያው ቀን ይሠራል። ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይታወቅ። በኢንተርኔት ከአፕ ወደ አፕ መደወል ድሮም ነፃ ነው። ዋትሳፕ፣ ቴሌግራም፣ ኢሞ፣ ሲግናል ለጥሪ አምስት ሳንቲም አይጠይቁም። ወጪው ዳታው ብቻ ነው፣ ዳታውን ደግሞ ባለሱቁ ሊያስቀርላችሁ አይችልም። «ያለ ኢንተርኔት ይሠራል» ካላችሁ ወይ ዋሽቷል፣ ወይ አፑ ከጀርባ በተራ መስመር እየደወለ ከካርዳችሁ ይቆርጣል።

ሒሳቡን እንሥራው፣ ማንም ሊያረጋግጠው ይችላል። ዛሬ ብዙዎቹ አፖች ድምፅ የሚያጭቁበት ኦፐስ የሚባለው ዘዴ በሴኮንድ 24 ኪሎቢት ላይ ጥሩ የንግግር ድምፅ ይሰጣል። ድምፁ በሴኮንድ 50 ጊዜ ተቆራርጦ ይላካል። እያንዳንዱ ቁራጭ የአድራሻ መረጃ 40 ባይት ይጨመርበታል፤ ይህ ብቻውን 16 ኪሎቢት ነው። ድምሩ በሴኮንድ 40 ኪሎቢት ነው፤ ስምንት ቢት አንድ ባይት ስለሆነ በደቂቃ 300 ኪሎባይት ይሆናል። እናንተ ስትናገሩ ይሄዳል፣ ከወዲያ ሲናገሩ ይመጣል፣ ስለዚህ ሁለት እጥፍ አድርጉት፦ በደቂቃ ወደ 0.6 ሜጋ። 100 ሜጋ የሞላ ሰው 166 ደቂቃ ገደማ ያወራል። ቪዲዮ ግን ሌላ ነገር ነው። በእያንዳንዱ አቅጣጫ በሴኮንድ 500 ኪሎቢት ብንይዝ በደቂቃ 7.5 ሜጋ ይበላል፤ ያው 100 ሜጋ በ13 ደቂቃ አለቀ ማለት ነው። ጥቅሉ ካለቀ በኋላ ዳታው ሳይጠፋ ከቀረ ደግሞ ከዋናው ሒሳብ ሊቆረጥ ይችላል። ሲማችሁ የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ *804# እየደወላችሁ ቀሪውን ተመልከቱ፤ ጥቅል የሚገዛው በ*999# ነው።

እዚህ ላይ ነው የመጀመሪያው ዓይነት የሆኑት፣ «ማስታወቂያ አይተህ ደቂቃ ሰብስብ» የሚሉት አፖች የሚያስቁት። ለአንድ የ30 ሴኮንድ የቪዲዮ ማስታወቂያ አንድ የጥሪ ደቂቃ ይሰጣሉ እንበል። ቪዲዮው በሴኮንድ አንድ ሜጋቢት ቢመጣ 3.75 ሜጋ በላ። በዚያ ዳታ በዋትሳፕ ከስድስት ደቂቃ በላይ ይወራ ነበር። «ነፃ» የተባለችው አንዷ ደቂቃ ስድስት ደቂቃ በልታ መጣች ማለት ነው፣ ዳታውን የምትገዙት ደግሞ እናንተ ናችሁ።

ሁለተኛው ዓይነት ክሬዲት የሚሞላበት ነው። ከአፑ በቀጥታ ወደ ተራ ስልክ ቁጥር ይደወላል፤ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ኢንተርኔት አያስፈልገውም። በመሠረቱ ሕጋዊ የሆኑ እንዲህ ያሉ አገልግሎቶች አሉ፣ ለምሳሌ ቫይበር አውት። ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው ዋጋ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ አሜሪካ የሚደወልበት ነው፣ እሱም ከሁሉ የረከሰው። ልጃችሁ ካለችበት አገር ወደ ኢትዮጵያ ሞባይል የሚደወልበትን ዋጋ ለብቻው ፈልጉ፤ ብዙ እጥፍ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ቀጥሎ የሒሳብ አቆራረጡን ተመልከቱ። በደቂቃ የሚያጠጋጋ ከሆነ 61 ሴኮንድ ያወራ ሰው የሁለት ደቂቃ ይከፍላል። የእኛን ኔትወርክ ታውቁታላችሁ፤ «ሄሎ? ይሰማል? ሄሎ?» ብላችሁ በአሥረኛው ሴኮንድ ሲቋረጥ አንድ ደቂቃ ተቆረጠ፣ ደግማችሁ ስትደውሉ ሌላ አንድ። አምስቴ ከተቋረጠ አንድ ቁም ነገር ሳትነጋገሩ አምስት ደቂቃ ሄደ። በሴኮንድ የማይቆርጥ አፕ ለሞባይል ዳታ አይሆንም፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ። ክሬዲቱ የሚያልቅበት ቀን ካለውም ተዉት። ብዙ ክሬዲት አስቀድሞ መሙላትም አይመከርም፤ ስካይፕን የሚያህል ነገር እንኳ እ.ኤ.አ. ግንቦት 5 ቀን 2025 ተዘግቷል።

ከዚህ የባሰው ዋጋው ከሚገባው በታች የወረደው ነው። ከሪያድ የተደወለላችሁ ስልክ ስክሪኑ ላይ የማታውቁት የ09 ቁጥር ሆኖ ከመጣ፣ በሚቀጥለው ቀን ደግሞ ሌላ የ09 ቁጥር ከሆነ፣ ጥሪው የገባው በሲም ቦክስ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ብዙ ሲም የተሰካበት መሣሪያ የውጭውን ጥሪ በኢንተርኔት ተቀብሎ የአገር ውስጥ ጥሪ አስመስሎ ያስገባል። ይህ በቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ያስቀጣል። ተጠቃሚው ላይ የሚደርሰው ጣጣም አለ፦ ድምፅ በአንድ በኩል ብቻ ይሰማል፣ ማን እንደደወለ አይታወቅም፣ መልሳችሁ ብትደውሉ ለማታውቁት ሲም ነው። ሲሞቹ ሲዘጉ መስመሩ ይጠፋል፤ ያን ቀን የሞላችሁትን ክሬዲት የምትጠይቁት ሰው የለም።

ሦስተኛው፣ ጅማ ላይ በብዛት የሚጫነው፣ የተቀየረ ዋትሳፕ ነው። ጂቢ፣ ዮ፣ ኤፍኤም የሚል ቅጥያ አለው፣ ቀለሙ ያምራል፣ «የተሻሻለ» ይባላል። ፕሌይ ስቶር ላይ የለም፣ በፋይል ነው የሚዞረው። ካስፐርስኪ የተባለው የደህንነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ኤፍኤም ዋትሳፕ ውስጥ ትሪያዳ የሚባል ቫይረስ አግኝቷል፤ በ2022 ደግሞ ዮ ዋትሳፕ የተጠቃሚውን የመግቢያ ቁልፍ ሲሰርቅ ደርሶበታል። ትሪያዳ ባለቤቱ ሳያውቅ የሚከፈልበት አገልግሎት ላይ መመዝገብ ይችላል፤ ለዚህም ኤስኤምኤስ የማንበብ ፈቃድ ይጠቅመዋል። የቴሌብርና የባንክ ማረጋገጫ ኮድ የሚመጣው በዚያው በኤስኤምኤስ መሆኑን አስቡት። በዚህ ላይ ዋትሳፕ ራሱ እንዲህ ባለ አፕ የሚገቡ ቁጥሮችን ያግዳል፤ ያን ጊዜ የቤተሰቡ ግሩፕም ፎቶውም አብሮ ይዘጋል።

አንዳንዱ ባለሱቅ «ስልክህ አሮጌ ስለሆነ ዋናው አይሠራም» ይላል። ግማሹ እውነት ነው፦ ዋትሳፕ ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ ከአንድሮይድ 5.0 በታች አይሠራም። መፍትሔው ግን የተቀየረ አፕ መጫን አይደለም። ያገለገለ ስልክ ስትገዙ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የአንድሮይዱን ቁጥር እዚያው ሱቁ ውስጥ እዩ።

የዱባይና የአቡዳቢው ጉዳይ ለብቻው ይነገር፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው በዚህ ነው። የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች የዋትሳፕን የድምፅና የቪዲዮ ጥሪ ዘግታለች። ጽሑፍና የተቀዳ የድምፅ መልእክት ያልፋል፣ ጥሪ አያልፍም። መዝጊያው ያለው እዚያ ስለሆነ እዚህ የተገዛ አፕ ሊከፍተው አይችልም። ልጅቷ ያለችበት አገር የፈቀደውን አፕ፣ ለምሳሌ ቦቲምን፣ እሷም እናንተም ከፕሌይ ስቶር በነፃ ታወርዳላችሁ፣ አለቀ። ባለሱቁ «ቪፒኤን ትጫን» ካለ (የኢንተርኔት አድራሻን የሚሸፍን አፕ ነው) ለልጅቷ እንዳትነግሯት። በዚያ አገር ሕግ በተሸፈነ አድራሻ ወንጀል መፈጸም ከ500,000 እስከ 2,000,000 ድርሃም ያስቀጣል፤ ለቤት ሠራተኛ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። ሳዑዲ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 የኢንተርኔት ጥሪ ክልከላዋን አንስታለች፣ ዋትሳፕ ግን ከዚያ በኋላም ለዓመታት ሲያስቸግር ኖሯል፤ ስለዚህ ሁለተኛ አፕ ይኑራችሁ።

ታዲያ የቱን? ወዲያ ማዶ ያለው ሰው የሚጠቀምበትን፣ ከፕሌይ ስቶር የወረደውን። ሌላው ልዩነት ትንሽ ነው። ኢሞ ማስታወቂያ ያበዛል፤ ቴሌግራምና ሲግናል ማስታወቂያ አያስጨንቁም። ከመረጣችሁ በኋላ ግን ፈትኑት። ዋትሳፕ ላይ ሴቲንግ፣ ስቶሬጅ ኤንድ ዳታ፣ ኔትወርክ ዩሴጅ ገብታችሁ ቁጥሩን ከታች ባለው ሪሴት ዜሮ አድርጉ፤ ዋይፋይ አጥፍታችሁ አምስት ደቂቃ በድምፅ ብቻ አውሩ፤ ተመልሳችሁ ኮልስ የሚለውን እዩ። ከሁለት እስከ አራት ሜጋ ከሆነ ጤናማ ነው። እንዲህ ያለ ቆጣሪ የሌለው አፕ ከሆነ የስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ያለውን የዳታ ዩሴጅ ገጽ ተጠቀሙ። ድምፅ ብቻ አውርታችሁ አሥር ሜጋ ካለፈ አፑ ከጀርባ ሌላ ነገር እያወረደ ነው።

ፍጆታውን መቀነስ ካስፈለገ ዋትሳፕም ሲግናልም ቴሌግራምም «ዩዝ ለስ ዳታ ፎር ኮልስ» የሚል ምርጫ አላቸው፣ የዳታ ሴቲንጋቸው ውስጥ። ቴሌግራም ላይ «ሞባይል ዳታ ላይ ብቻ» የሚለውን ምረጡ። ድምፁ ትንሽ ይደበዝዛል፣ በደካማ ኔትወርክ ግን መቆራረጡ ይቀንሳል።

መቆራረጡን በተመለከተ አፑን ብቻ አትውቀሱ። ጥሪ ብዙ ፍጥነት አይፈልግም፤ የሚፈልገው ሳይዘገይና ሳይጠፋ የሚደርስ መስመር ነው። በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊሴኮንድ በላይ ሲዘገይ ሁለት ሰው መደራረብ ይጀምራል፣ «ተናገር»፣ «አይ አንተ ተናገር» መባባል ይመጣል። ቤት ውስጥ ከላይ ያለው ምልክት 4ጂና 3ጂ እየተቀያየረ ከሆነ በእያንዳንዱ ቅይይር ድምፅ ይዋጣል፤ መስኮት አጠገብ ወይም በረንዳ ላይ ሆናችሁ ሞክሩ። ቪዲዮውን ማጥፋት ከማንኛውም አፕ መቀየር ይሻላል።

ሌላው ተደጋጋሚ ስሞታ «ስልኬ አይጮህም፣ ሲደወልልኝ አላይም» የሚለው ነው። ባለሱቆቹ ይህን አጋጣሚ አድርገው ሌላ አፕ ይሸጣሉ። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የስልኩ ባትሪ ቆጣቢ ነው። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል አፑን ከጀርባ ይገድሉታል። ሴቲንግ፣ አፕስ፣ የአፑ ስም፣ ባትሪ ግቡና ገደቡን አንሱ፤ ኦቶ ስታርት የሚል ካለ አብሩት። ዳታ ሴቨር ያበራችሁ ከሆነ አፑን ከእገዳው ውጭ አድርጉት። ባክግራውንድ ዳታ ከዘጋችሁበት ደግሞ ጥሪ አይገባም፤ ዳታ ለመቆጠብ ብለው ይህን ዘግተው የሚቸገሩ ብዙ ናቸው።

አፑ ቀድሞ ተጭኖባችሁ ከሆነ በዚህ ቅደም ተከተል አጽዱት። ዳታውን አጥፉ። ሴቲንግ፣ አክሰሲቢሊቲ ውስጥ የአፑ ስም በርቶ ከሆነ አጥፉት፤ ሴኩሪቲ ውስጥ ዲቫይስ አድሚን ላይም እንዲሁ፤ ይህ ሳይሆን አንዳንዱ አንኢንስቶል አይሆንም። ከዚያ አውጡት። ዳታ ከፍታችሁ ፕሌይ ስቶር ላይ የፕሮፋይል ምልክቱን ነክታችሁ ፕሌይ ፕሮቴክት የሚባለውን የአፕ መመርመሪያ አስኬዱ። በፕሌይ ስቶር በኩል ወርሃዊ ክፍያ ገብታችሁ ከሆነ አፑን ማጥፋት ክፍያውን አያቆመውም፤ እዚያው ሰብስክሪፕሽን ውስጥ ገብታችሁ ካንስል አድርጉ።

ዋናውን ዋትሳፕ አውርዳችሁ በራሳችሁ እጅ ተመዝገቡ፤ የድሮው መልእክት ላይመለስ ይችላል። ሊንክድ ዲቫይስስ የሚለውን ክፈቱ፤ የማታውቁት ኮምፒውተር ወይም ስልክ ካለ ሎግ አውት በሉት፣ እስከ አራት መሣሪያ ሊገናኝ ስለሚችል። አካውንት ውስጥ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን አብርታችሁ ባለ ስድስት አኃዝ ፒን ስጡት። ስትመዘገቡ የማታውቁትን ፒን ከጠየቃችሁ ባለሱቁ የራሱን አድርጎበታል ማለት ነው፤ ሰባት ቀን መጠበቅ ግድ ይሆናል። የቴሌብር ፒናችሁን በሌላ ንጹሕ ስልክ ሲማችሁን ሰክታችሁ በ*127# ቀይሩ፣ የባንኩንም እንዲሁ። የከፈላችሁበት ደረሰኝ ወይም የቴሌብር መልእክት ካለ አታጥፉት፤ ባለሱቁ ብሩን አልመልስም ካለ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ይዛችሁት ትሄዳላችሁ።