የእናቴን ድመት በአውሮፕላን ለመውሰድ የተገለገልኩባቸው ድርጅቶች

ውሮ ለስምንት ዓመት ከእናቴ እግር ሥር ያልጠፋች ድመት ናት። እናቴ እኔ ወደምኖርበት የአውሮፓ ኅብረት አገር መጥታ አብራኝ እንድትኖር ስንወስን የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ውሮም እንድትመጣ። ለዚህ ጉዳይ ወደ ሀገር ቤት ሁለት ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ አንዱ ጉዞ ይበቃ ነበር። ተመሳሳይ ጉዞ የሚያስብ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ምን መጠየቅ እንዳለበት እንዲያውቅ፣ የአስተላላፊውን (ድመቷን ለጉዞ የሚያዘጋጀውን ድርጅት)፣ የእንስሳት ሐኪሙንና የአየር መንገዱን አገልግሎት እንዳየሁት እጽፋለሁ።

ከአስተላላፊው ድርጅት ጋር የተስማማሁት ከመጀመሪያው ጉዞዬ ስድስት ወር ቀደም ብዬ በስልክ ነበር። ድመቷን አስከትቦ፣ ማይክሮቺፕ (መለያ ቁጥር የያዘ፣ ከቆዳ ሥር የሚገባ ቅንጣት) አስገብቶና የደም ምርመራዋን አስጨርሶ እንዲጠብቀኝ ሙሉውን ክፍያ ላክሁለት። ደርሼ የክትባት ደብተሯን ስገልጥ ግን ክትባቱ የተሰጠው ማይክሮቺፑ ከመግባቱ ከአሥራ አንድ ቀን በፊት ሆኖ አገኘሁት። ነገሩ ቀላል የቀን ስሕተት ይመስላል። በኅብረቱ ደንብ ግን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ተቀባይነት የሚያገኘው ማይክሮቺፑ ከገባ በኋላ ወይም በዚያው ዕለት ሲሰጥ ብቻ ነው፤ መርፌውን የተወጋችው ይህችው ድመት መሆኗን የሚያረጋግጠው ከቆዳዋ ሥር ያለው ባለ 15 አኃዝ ቁጥር ነውና። ክትባቱ ውድቅ ሲሆን በእርሱ ላይ የተመሠረተው የደም ምርመራም አብሮ ወደቀ። ድርጅቱ «እስካሁን ማንም አልተመለሰብንም» ከማለት ያለፈ መልስ አልሰጠኝም፤ ከገንዘቤም የመለሰልኝ የለም። እናቴ ድመቷን ለእህቴ አደራ ሰጥታ ከእኔ ጋር ለመሄድ ተገደደች። በመነሻችን ዋዜማ ሌሊት ውሮ በሻንጣው ውስጥ በታጠፈው ልብስ ላይ ተኝታ ስለነበር፣ እናቴ እንዳትቀሰቅሳት ብላ ሻንጣውን ሳትዘጋ አነጋች።

ከመሄዳችን በፊት ውሮን የወሰድኩበት ሌላ የእንስሳት ክሊኒክ ምስጋና ይገባዋል። ሐኪሙ ስለ ዋጋ ከመናገራቸው በፊት የማይክሮቺፑን ማንበቢያ በትከሻዋ ላይ አሳልፈው ቁጥሩን ከደብተሩ ጋር አመሳከሩ፤ ከዚያም የሚቀረውን ሥራ ከነቀኑ በአንድ ወረቀት ላይ በቅደም ተከተል ጻፉልኝ። ክትባቱ እንደገና ይሰጣል፤ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ደሟ ተወስዶ ኅብረቱ ወደተቀበለው ላቦራቶሪ ይላካል፤ በደሟ ውስጥ ያለው የመከላከያ መጠን በሚሊ ሊትር ከ0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት ማነስ የለበትም፤ ደሙ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ ደግሞ ሦስት ወር መጠበቅ ግድ ነው። ይህ ረጅም ጥበቃ የሚመለከተው ኅብረቱ በዝርዝሩ ካላካተታቸው አገሮች የሚመጡ እንስሳትን ሲሆን፣ ሐኪሙ እንዳስረዱኝ፣ በሽታው ቀድሞ ይዟት እንደሆነ ምልክቱ እስኪታይ ጊዜ ለመስጠት ነው።

እኔ ፈጽሞ ያላሰብኩትን ጉዳይም ያነሱት እርሳቸው ናቸው። ድመቷ በእናቴ ስም ብትመዘገብ ኖሮ እናቴ ከወራት በፊት ስለሄደች እኔ በውክልና ይዣት መጓዝ አልችልም ነበር፤ በተወካይ የሚመጣ እንስሳ ባለቤቱ በተጓዘ በ5 ቀን ውስጥ ካልተጓዘ እንደ ንግድ ጭነት ይቆጠራል። ስለዚህ ከእናቴ ጋር ተመካክረን ባለቤትነቱን ወደ እኔ አዛወርነው። የሚያስተኛ መድኃኒት እንዲያዙላትም ጠይቄ ነበር፤ በአየር ላይ የደም ግፊቷንና አተነፋፈሷን ሊያውክ ይችላል ብለው አልፈቀዱም። ይልቁንም የማጓጓዣ ሳጥኑ ክፍት ሆኖ ቤት ውስጥ እንዲቀመጥና ምግቧን እዚያው እንድትበላ አዘዙ። እህቴ ይህን ለወራት በትዕግሥት ፈጽማለች፤ ለሁለተኛ ጊዜ ስመለስ ውሮ ማንም ሳይገፋት ሳጥኑ ውስጥ ገብታ ትተኛ ነበር።

ስለ አየር መንገዱ ብዙ የምለው የለኝም። ድመቷ ከነሳጥኗ ከ8 ኪሎ በታች ስለነበረች ከእኔ ጋር በመንገደኞች ክፍል እንድትጓዝ ተፈቅዷል፤ በአንድ በረራ የሚፈቀደው የእንስሳት ቁጥር ውስን በመሆኑ ግን ቦታዋን ከቲኬቴ ጋር አብሮ ማስያዝ አስፈልጎኛል። ቅር ያሰኘኝ የመመዝገቢያው ሠራተኞች የትኛውን ወረቀት ማየት እንዳለባቸው ባለማወቃቸው አርባ ደቂቃ ያህል መቆማችን ነው። በፍተሻው ሳጥኑ ባዶውን በማሽኑ ሲያልፍ ድመቷን በእጅ መያዝ ግዴታ ነው፤ ደንግጣ ብታመልጥ በዚያ ሕዝብ መካከል ማን ይይዛታል? ሐኪሙ እንደመከሩኝ የደረት ማሰሪያ አድርጌላት ስለነበርና ፈታሿ ስጠይቃት በር ያለው ክፍል ውስጥ ስላስገባችን በሰላም አለፍን። እዚያ ክፍል ውስጥ ጥፍሮቿን በሹራቤ ትከሻ ላይ ተክላ አንገቴ ሥር ተወሽቃ ነበር፤ የልቧ ምት በአንገቴ ቆዳ ላይ ይሰማኛል።

የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም የሚሰጠው የጤና ምስክር ወረቀት እስከ መግቢያው ፍተሻ ድረስ የሚያገለግለው ለ10 ቀን ብቻ ስለሆነ ከበረራው ሦስት ቀን በፊት አወጣሁት። ስንደርስ የጉምሩክ ሠራተኛው የማይክሮቺፑን ቁጥር ካነበበ በኋላ ቀኖቹን በጣቱ እየተከተለ አንድ በአንድ አያቸው፤ ማይክሮቺፕ፣ ክትባት፣ ደም፣ ምስክር ወረቀት። ጥያቄ አላነሳም፤ ማኅተሙን አሳርፎ ወረቀቱን መለሰልኝ። እናቴ ከበሩ ውጭ ቆማ ስሟን ስትጠራ፣ መንገዱን ሁሉ ዝም ብላ የመጣችው ውሮ ከሳጥኑ ውስጥ ጮኸች።