«ፉል ፓኬጅ» ብለው ነጻውን ሸጡልኝ፣ ዲ ድራይቬን አጠፉብኝ፦ ለድሬዳዋ ኮምፒውተር ተጠቃሚዎች ማስጠንቀቂያ

ይህን የምጽፈው ነገሩ ከደረሰብኝ ገና በአራተኛው ቀን ነው፤ ስለዚህ ቃሌ ቢከርር አንባቢ ይታገሠኝ። ማክሰኞ ጠዋት ሲፒዩዬን (የኮምፒውተሬን ዋና ሣጥን) በአሮጌ ነጠላ ጠቅልዬ፣ ከሳቢያን በባጃጅ ተሳፍሬ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ አካባቢ ካሉት የኮምፒውተር ሱቆች ወደ አንዱ ወሰድኩት። የሱቁን ስም አልጠራም፤ ብጠራውም የምጨምርላችሁ ነገር የለም፣ ሱቁን ሁላችሁም ታውቁታላችሁና። በሩ ላይ «ፎርማት፣ ሶፍትዌር፣ ፊልም፣ መዝሙርና ነሺዳ እንጭናለን» የሚል ባነር ተሰቅሏል፤ ውስጡ ሆዳቸው የተከፈተ ሦስት አራት ኮምፒውተሮች ተደርድረዋል፤ ከባንኮኒው ኋላ ደግሞ በአንድ እጁ ስልኩን እየነካካ በሌላው ማውዝ የሚያንቀሳቅስ፣ ቀና ብሎ ሰው የማያይ ወጣት ተቀምጧል።

ኮምፒውተሬን በ2005 ዓ.ም. ስገዛው ዊንዶውስ 7 ተጭኖበት ነበር፣ እስካለፈው ማክሰኞም በዚያው ሠርቷል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 ማሻሻያ መስጠት ያቆመው በጃንዋሪ 2020 እ.ኤ.አ. መሆኑን፣ ጉግል ክሮምም ከ2023 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወዲህ በእርሱ ላይ እንደማይታደስ አውቃለሁ፤ ሆኖም ድረ ገጾቹ አንድ በአንድ አንከፈትም እስኪሉኝ ድረስ ለመለወጥ አልፈለግኩም። ማታ ከዜና በኋላ ሁለት ዙር ሶሊቴር ሳልጫወት አልተኛም፤ የልጅ ልጄም ቀለማትን የለየችው ፐርብል ፕሌስ ላይ ኬክ እየሠራች ነው። እነዚህ ሁሉ ከዊንዶውስ 7 ጋር አብረው የመጡ፣ ኢንተርኔት የማይጠይቁ፣ ማንንም የማይነዘንዙ ጨዋታዎች ነበሩ። ዊንዶውስ 8 በ2012 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ከውስጡ ተነሡ፤ የካርታ ጨዋታው፣ ሶሊቴር፣ በዊንዶውስ 10 ሲመለስ ደግሞ በየመሐሉ ማስታወቂያ ይዞ፣ ማስታወቂያው እንዲቀርልህ ክፈል እያለ ተመለሰ። ሰባት ረድፍ ካርታ ለመደርደር ደንበኝነት መግባት ለእኔ ዛሬም የማይዋጥልኝ ነገር ነው። ያም ሆኖ ጊዜው ደርሶ ነበርና ሄድኩ።

የኮምፒውተሬ ሃርድ ዲስክ ሲ እና ዲ በሚባሉ ሁለት ክፍሎች የተከፈለ ነበር። ዊንዶውሱ ባለበት በሲ ድራይቭ ላይ ቢጠፋ የሚያሳዝነኝ ነገር አልነበረም። ዲ ላይ ግን የሰፈራችን እድር ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው መዝገብና ሒሳብ (ጸሐፊው እኔ ነኝ)፣ የሁለት ልጆቼ የሠርግ ፎቶግራፎች፣ እንዲሁም እናቴ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ በወረደበት ሌሊት የሆነውን የተረከችልኝ የአርባ ደቂቃ ድምፅ ነበረ። እናቴ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ለምን ሌላ ቦታ ቅጂ አልያዝክም ለምትሉኝ፣ ከማክሰኞ ወዲህ እኔም ራሴን ሌላ ጥያቄ ጠይቄው አላውቅም። የነበረኝ አንድ ፍላሽ ነው፤ እርሱም የያዘው የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ ብቻ ነው።

ስለዚህም ሲፒዩውን ከነጠላው ገና ሳልፈታው ወጣቱን «ዲ ላይ ያለው እንዳይነካ» አልኩት። ገመዱን ሲሰካ ደገምኩለት። ማሽኑን ሲያስነሣ ሦስተኛ ጊዜ ነገርኩት። «አቦ ጋሼ አታስብ፣ ሲን ብቻ ነው የማጠፋው» አለኝ። አንተ ማለቱ አላስከፋኝም፤ ድሬ ተወልዶ ያደገ ሰው ስለ አንቱታ አይጣላም፣ እንዲያውም አንቱ ሲሉን ምን አጥፍተን ይሆን እንላለን። ያስከፋኝ ሦስቱንም ጊዜ ሲመልስልኝ ዓይኑ ከስልኩ አለመነሣቱ ነው።

አሁን ወደዚያች ደቂቃ ልምጣ፤ ዓይኔን በከደንኩ ቁጥር የምትታየኝ እርሷ ናት። ዊንዶውሱ የት ክፍል ላይ እንዲጫን የሚጠየቅበት ነጭ ሳጥን ተከፈተ። ሦስት ረድፍ ነበረው፤ የመጀመሪያው 100 ሜጋባይት፣ ሁለተኛው 97.7 ጊጋባይት፣ ሦስተኛው 368 ጊጋባይት። ሁለተኛው ሲ፣ ሦስተኛው ዲ መሆኑን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልገኝም፤ ለዓመታት ያየኋቸው ቁጥሮች ናቸው። ልጁ የመጀመሪያውን ረድፍ ነክቶ አጠፋው። ሁለተኛውንም አጠፋው። ከዚያ ቀስቱ ወደ ሦስተኛው ወረደ፣ ረድፉ ሰማያዊ ሆነ፣ ማጥፊያውን ተጫነ። በዚህ ክፍል ላይ ጠቃሚ ፋይል ሊኖር እንደሚችልና ከተሰረዘ እንደሚጠፋ የሚናገር ማስጠንቀቂያ ብቅ አለ፤ እኔ የመጀመሪያውን መስመር አንብቤ ሳልጨርስ እርሱ እሺ ብሎ አልፎታል። ሦስቱ ረድፎች ተሰብስበው አንድ ረድፍ ሆኑ፦ ያልተመደበ ቦታ፣ 465.8 ጊጋባይት።

«ሦስተኛው ዲ አልነበረም እንዴ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ አንድ ላይ ካልተጠረገ ቫይረሱ አይወጣም።»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ስለ ቫይረስ ያነሣ ሰው አልነበረም። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ያልኩበትን ምክንያት ሳልደብቅ ብጽፈው ይሻላል፤ ከኋላዬ ሁለት ወጣቶች ላፕቶፓቸውን ታቅፈው ተራ ይጠብቁ ነበር፣ በእነርሱም ፊት ነገሩ ያልገባው ሽማግሌ መስዬ መታየት አፈርኩ። ሠላሳ ዓመት በሒሳብ ሠራተኛነት ያገለገልኩ ሰው፣ 97.7 እና 368 ተደምረው ስንት እንደሚሆኑ በቃሌ የማውቅ ሰው፣ ድምሩ ዓይኔ ሥር ተጽፎልኝ «ምናልባት ልጁ የሚያውቀው ዘዴ ይኖር ይሆናል» ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ይባስ ብዬ አንገቴን ነቀነቅኩለት።

ነገሩን የሚያመርረው በዚያች ደቂቃ ፋይሎቹ ከዲስኩ ላይ ገና አለመጥፋታቸው ነው። በእንደኔ ዓይነቱ የቆየ ሃርድ ዲስክ ላይ አንድ ክፍል ሲሰረዝ የሚሰረዘው ክፍሉ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ የሚናገረው ሠንጠረዥ ነው፤ ፋይሎቹ ራሳቸው ሌላ ነገር እስኪጻፍባቸው ድረስ በቦታቸው ይቆያሉ። በዚያን ጊዜ «አቁም» ብዬ ሶኬቱን ብነቅለው ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ይህን የተረዳሁት ግን ከሁለት ቀን በኋላ ነው።

ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሲል፣ ሱቆች በራቸውን መዝጋት ሲጀምሩ፣ ሲፒዩዬ «አለቀ» ተባለ። ልጁ በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብሎ አዲሱን ዲ ከፈተልኝ። ከዳር እስከ ዳር ፊልም ነው። የህንድ፣ የቱርክ፣ የአሜሪካ፤ በድምሩ 210 ጊጋባይት። «ቦነስ ነው ጋሼ፣ አይከፈልበትም» አለኝ። አመሰገንኩት፤ አዎን፣ አመሰገንኩት። የእናቴ ድምፅ ያለበትን ቦታ በፊልም እየደፈነ የዋለውን ልጅ እግዜር ይስጥልኝ ብዬው ወጣሁ።

የከፈልኩት 5,100 ብር ነው። ደረሰኝ ስጠይቅ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ላይ ጻፈልኝ፤ ወረቀቱ አሁን ከፊቴ አለ። ፎርማትና ዊንዶውስ 1,200፤ ኦሪጅናል ቁልፍ 2,000፤ አንቲቫይረስ 900፤ ፉል ፓኬጅ 600፤ የአማርኛ መጻፊያ 400። ቤት ገብቼ አንድ በአንድ ሳጣራቸው ያገኘሁትን እነሆ። ፉል ፓኬጅ የተባለው ቪኤልሲ፣ ዊንራርና ክሮም ነው። ቪኤልሲ ፓሪስ አጠገብ በተማሪዎች የተጀመረ፣ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነጻ ፈቃድ ለዓለም የተለቀቀ፣ ማንም አውርዶ የሚጭነው ማጫወቻ ነው፤ በእኔ ዐይን በኮምፒውተር ላይ ከተሠሩት ትናንሽ ነገሮች ሁሉ ምስጋና የሚገባው እርሱ ነው፣ ያልከፈተልኝ ፊልም አላስታውስም። ፋይል ማመቂያው ዊንራር የ40 ቀን ሙከራ ነው ይላል፤ 40ው ቀን ካለፈ በኋላ ግን ግዛኝ እያለ መሥራቱን ይቀጥላል፣ እኔም ሰቨን ዚፕ የሚባለው ሙሉ በሙሉ ነጻ ወንድሙ እያለ ለምን እንደሚጫን አይገባኝም። 900 ብር የተቆጠረበት አንቲቫይረስ የ30 ቀን ሙከራ ሆኖ ተገኘ፤ ዊንዶውስ 10 የራሱን መከላከያ፣ ዲፌንደርን፣ ይዞ እንደሚመጣም ማንም አልነገረኝም። የአማርኛ መጻፊያ የተባለውም ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው የአማርኛ የፊደል ገበታ ነው፤ ልጁ ያደረገው ከዝርዝር ውስጥ መምረጥ ብቻ ነው። ኦሪጅናል ቁልፍ የተባለው ደግሞ በማግሥቱ ጠዋት ራሱን አጋለጠ፤ ዊንዶውሱ ገና ፈቃድ እንደሌለው የሚናገረው፣ «ዊንዶውሱን አግብር» የሚለው ፈዛዛ ጽሑፍ በስክሪኑ ቀኝ ግርጌ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፣ አሁንም እዚያው አለ። ዊንዶውስ 11 ለእንዲህ ያለ አሮጌ ማሽን እንደማይሆን ስለማውቅ 10 መጫኑን አልወቅስም፤ ነገር ግን የ10ም ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማብቃቱን ሳይነግረኝ አዲስ ዕቃ እንደሚሸጥ ሰው 2,000 ብር መቀበሉ ሌላ ነገር ነው።

ረቡዕ ተመልሼ ሄድኩ። ዲ የት ሄደ ብዬ ስጠይቀው «ዲ ላይ ዕቃ አለኝ አላልክም» አለኝ። ሦስት ጊዜ ነግሬሃለሁ ስለው ወደ አጠገቡ ልጅ ዘወር ብሎ በሶማልኛ አንድ ነገር ተናገረና ሁለቱም ሳቁ። እኔ ከመጋላ ሰፈር ልጆች ጋር ኳስ እየተጫወትኩ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ያለው ነገር «ሽማግሌው ኮምፒውተሩን ቁም ሣጥን መስሎታል» ነው። በሶማልኛ ስመልስለት ሳቁ ቆመ፤ ይቅርታ ግን አልመጣም።

በእጄ የቀረውን ፍላሽ ከፈትኩለት። የእድሩ ደንብ የተጻፈው በድሮ የግዕዝ ፎንት በመሆኑ ገጹ ሁሉ የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ዝብርቅርቅ ሆኖ ታየ። «ይኸው፣ ቫይረሱ በልቶታል» አለኝ፣ ለማጽዳትም 700 ብር ጠየቀ። በእውነቱ ምንም የተበላ ነገር አልነበረም። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ ገባ፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ሶፍትዌሮች ግን የእኛን ፊደላት በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር፣ ብዙዎቻችንም ከዚያ በኋላ ለዓመታት በእነርሱ መጻፋችንን አልተውንም። ፎንቱ በኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ ጽሑፉ እንዲያ ይታያል፤ ፎንቱ ሲመለስ ይመለሳል። የእኔ ፎንት ከዊንዶውስ 7 ጋር አብሮ ተጠርጓል። ይህን እንኳ ስለማውቅ 700 ብሬን አተረፍኩ፤ ከዚህ ሁሉ ነገር ያተረፍኩት እርሱን ብቻ ነው።

ሐሙስ ማታ የእህቴ ልጅ መጥቶ ሬኩቫ የሚባለውን የጠፋ ፋይል መፈለጊያ አስነሣ፤ እርሱም በነጻ የሚገኝ ነው። ዲስኩን ለሰዓታት ሲያስስ ቆይቶ ዝርዝሩን አወጣ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ክብ ምልክት አለ፤ አረንጓዴው ደኅና፣ ብርቱካናማው የተጎዳ፣ ቀዩ ያለቀለት። የእድር መዝገብ 2009፣ ቀይ። የእድር መዝገብ 2010፣ ቀይ። «እማዬ ደቻቱ» ብዬ የሰየምኩት ፋይል ስሙ ሙሉ ነው፣ መጠኑም ሙሉ ነው፣ ምልክቱ ግን ቀይ ነው። የእህቴ ልጅ እንደምንም አውጥቶ በቪኤልሲ ሊያጫውተው ሞከረ፤ ከድምፅ ማጉያው የወጣው አንድ ሰከንድ የማይሞላ ጩኸት ብቻ ነበር። ከሠርጉ ፎቶግራፎች 14 አረንጓዴ ተገኙ፤ አሥራ አንዱ የድንኳኑና የወንበሩ ናቸው።

ምክር የምለው ብዙ የለኝም። ወደ እንዲህ ያለው ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ዲን ገልብጡ፣ ካልቻላችሁም ሃርድ ዲስኩን አስነቅላችሁ ቤት አስቀሩትና ዊንዶውሱን በሌላ ዲስክ ላይ አስጭኑ፤ ቪኤልሲንና ሰቨን ዚፕን ከራሳቸው ድረ ገጽ አውርዱ፤ ሰው ካጠፋባችሁ ደግሞ ማሽኑን ወዲያው አጥፉት፣ ቦነስም አትቀበሉ።

ነገ እሑድ የእድሩ ስብሰባ ነው። አባላቱ የክፍያ ካርዳቸውን ይዘው እንዲመጡ መልእክት ልኬያለሁ፤ መዝገቡን ከካርዶቹ ላይ እንደገና በእጄ መገልበጥ እጀምራለሁ። ሊቀመንበራችን በ2007 ዓ.ም. መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር ላስገባው ስል «ወረቀት ምን አደረገህ?» ብለውኝ ነበር። ነገም መድገማቸው አይቀርም።