የአባቴን ቴፕ ላዳነልኝ የመኪና ኤሌክትሪሺያን

ባሕር ዳር ያላችሁ፣ በተለይ አሮጌ መኪና የምትነዱ፣ ይህቺን አንብቡልኝ። ላመሰግነው የሚገባ ሰው አለ። ዛሬ ነገ ስል ሁለት ሳምንት አለፈኝ።

መኪናችን ኮሮላ ናት። የገዛት አባቴ ነው። ከጃፓን መሪዋ በቀኝ ሆኖ መጥታ እዚህ ወደ ግራ የዞረላት ናት። ቴፑም አብሯት የመጣ ነው። ካሴት ያጫውታል፣ ሬዲዮ አለው፣ ሌላ ምንም የለውም። አባቴ ካረፈ በኋላ መኪናዋ ለእኔ ደረሰች። ካሴቶቹ ግን አብዛኞቹ አልቀዋል። ክራቸው የተጎተተ አለ፣ ሻጋታ የያዘው አለ። እማዬን ሃሙሲት እህቷ ዘንድ ስወስዳት በዝምታ ነበር የምንሄደው። እሷ ደግሞ በጾም የበገና መዝሙር ካልሰማች መንገዱ አይገፋላትም። በገናው ስልኬ ላይ ሞልቷል። አንድ ቀን ስልኩን ይዛ፣ በሞተሩ ጩኸት መሃል ጆሮዋን አስጠግታ ለመስማት ስትታገል አየኋት። አንጀቴን በላችው።

ከዚያ ላይተር ላይ የሚሰካ፣ የስልኩን ድምፅ በኤፍ ኤም ወደ ሬዲዮ የሚልክ ትንሽ ዕቃ ገዛሁ። ትራንስሚተር ይሉታል። 98 ላይ አድርጌ ሬዲዮውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈለግኩ፤ ዝም። 104 ላይ አደረግኩት፤ አሁንም ዝም። አንድ ቤት ወሰድኩት። ገና ሳይነኩት «ይሄ ሞቷል፣ ጣይውና አዲስ አስገጥሚ» አሉኝ። የአዲሱንም ዋጋ ነገሩኝ። እኔ ግን ልጥለው አልፈለግኩም። የድምፅ መጨመሪያው ቁልፍ ላይ ያለው ምልክት የጠፋው በአባቴ ጣት ነው።

ወደዚህ ልጅ የመራችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ልጅ እላለሁ እንጂ በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ብዙ ዓመት የቆየ ነው። ስሙ እዚህ እንዳይጻፍ ስለጠየቀኝ ፈቃዱን አከብራለሁ።

ካቻቢቴ ለማንሳት አልቸኮለም። መኪናው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠና የሬዲዮውን ቁጥር እየቀያየረ አየ። ከዚያ «እህቴ፣ ነይ እዪ» አለኝ። ቁጥሩ 90 ሲደርስ ዘሎ 76 ላይ ይጀምራል። ሬዲዮው ለጃፓን የተሠራ ነው። እዚያ አገር ኤፍ ኤም ለረጅም ጊዜ ከ76 እስከ 90 ሜጋ ኸርዝ ነበር። እኛ ጋ ከ87.5 እስከ 108 ነው። 98 ላይ የላክሁትን ይህ ሬዲዮ ከየት አምጥቶ ይስማው? ትራንስሚተሩን 88.3 ላይ አደረገው፣ ሬዲዮውንም እዚያው ላይ። በገናው መጣ።

እማዬ ከኋላ ወንበር «እሰይ!» አለች። እኔ ግን አባቴ ትዝ አለኝ። ዕድሜ ልኩን «ይሄ ቴፕ ኤፍ ኤም አይዝም» ይል ነበር። የተበላሸ መስሎት ኖረ። ለካ ምንም አልሆነም።

እዚያው ላይ ሒሳቡን ተቀብሎ ሊሸኘን ይችል ነበር። እሱ ግን «በዚህ መንገድ ድምፁ ከዚህ አይሻልም። ጥርት ያለ ከፈለጋችሁ ሌላ ዘዴ አለ» አለን። እውነቱን ነው። የበገና እዝዝታ የሚመጣው ከጅማቶቹ ሥር ከሚገባው እንዚራ ከሚባለው የቆዳ ቁራጭ ነው። በኤፍ ኤም ሲመጣ ያ እዝዝታ ከሬዲዮው ሽሽታ ጋር ይደባለቃል። እማዬም «አዎ፣ አቧራ አለበት» አለች።

መጀመሪያ ካሴት የሚመስለውን፣ ሽቦ ያለውን ማገናኛ ሞከረ። ውስጡ ክር የለም። አንዲት ትንሽ ሄድ አለችው፤ የቴፑን ሄድ፣ ማለትም የካሴቱን ክር የምታነበውን ክፍል፣ ፊት ለፊት ትገጥምና ድምፁን በማግኔት ታስተላልፋለች። የእኛ ቴፕ ግን ደክሟል። ትንሽ ያዞረውና መልሶ ይተፋዋል። ጤነኛ ቴፕ ላላችሁ ከሁሉም ቀላሉ ይሄ ነው፤ ምንም ሳይፈታ ይሠራል።

ስለዚህ ቴፑን ከክሩስኮቱ አወጣው። ከመንቀሉ በፊት የእያንዳንዱን ሽቦ ቀለም በስልኩ ፎቶ አነሳ። ይህን ሳይ ልቤ አረፈ። ሄዷን በስፒሪት በነከረው ጥጥ ጠረጋት፤ ጥጡ ቡናማ ሆኖ ወጣ። ከዚያ ከድምፅ መጨመሪያው በፊት ባለው መስመር ላይ ቀጫጭን ሽቦዎች በስታኞ አያያዘ። የስልኩ ገመድ ሲሰካ ሬዲዮው ዝም ይላል፣ ሲነቀል ይመለሳል። ገመዱን በመሳቢያው በኩል አወጣው። ክሩስኮቱ ላይ አንዲት ቀዳዳ አልበሳም።

በማግሥቱ ግን ችግር መጣ። ነዳጅ ስሰጥ «ዊዊዊ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ሞተሩ ሲፈጥን እሱም ይቀጥናል። ደወልኩለት፣ «አሁኑኑ ነይ» አለኝ። ሞተሩን እንደተነሳ አስተወኝና «ቻርጀሩን ንቀዪ» አለኝ። ነቀልኩት፤ ድምፁ ጠፋ። ሰካሁት፤ ተመለሰ። ስልኩ በቻርጀሩም በድምፅ ገመዱም ከማሳ (ከመኪናዋ ኔጋቲቭ) ጋር ሲገናኝ፣ የዲናሞው ድምፅ በሁለቱ መካከል እንደሚገባ አስረዳኝ። ገመዱ ላይ ሁለቱን የሚለይ ትንሽ ዕቃ ጨመረና ጸጥ አለ። ለዚህኛው የዕቃውን ዋጋ ብቻ ተቀበለ። ድካሙን «የራሴ ሥራ ነው፣ መጨረስ አለብኝ» ብሎ አላስከፈለኝም።

ጠቅላላ የከፈልኩት ለአዲስ ቴፕ ከተጠየቅኩት ሩቡን አይሞላም። እማዬ «እጅህን ቁርጥማት አይንካው» ብላ መርቃዋለች። እኔም እዚሁ አደባባይ ላይ፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አላጣደፍከኝም፣ አላታለልከኝም፣ የጠየቅኩህን ሁሉ እያሳየህ አስረዳኸኝ።

አንድ የነገረኝን ልንገራችሁ። የስልኩን ድምፅ እስከ መጨረሻው አትክፈቱት፤ ሦስት አራተኛ ላይ አድርጉትና የቀረውን በቴፑ ጨምሩ። እኔ ተቃራኒውን ሳደርግ ድምፁ ይሰነጠቅ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ እማዬን ይዤ በአዲሱ የዓባይ ድልድይ ወጣን። ሃሙሲት እስክንደርስ በገናው አልተቋረጠም። ስንደርስ «እስኪያልቅ ቆዪ» አለችኝና በሩን ሳንከፍት ተቀመጥን።

ሱቁ ግሽ ዓባይ አካባቢ ነው። ስልኩን እንድሰጥ ፈቅዶልኛል፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስልካችሁ ክብ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ከሌለው ማገናኛውን ይዛችሁ ሂዱ። እሑድ አይሠራም።