አዞው እና አኤ 6/6፦ የጎትሃርድ ሁለት ጉልበተኞች

በስዊዘርላንድ የጎትሃርድ ተራራ የባቡር መስመር ላይ ስማቸውን የተከሉ ሁለት የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቮች (ባቡር የሚጎትቱ ሞተሮች) አሉ። «አዞ» የሚባለው ቀዳሚው ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የድንጋይ ከሰል ሲጠፋ አገሪቱ ፊቷን ወደ ኤሌክትሪክ አዞረች፤ አዞውም ከ1919 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተሠራ። ሁለት ረጃጅም አፍንጫዎች አሉት። አካሉ ስለሚተጣጠፍ ጠመዝማዛውን ሐዲድ ያለ ችግር ያልፋል። እንዴት ያለ ብልህ ሥራ ነው! ፍጥነቱ ግን መጀመሪያ በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር።

ሁለተኛው፣ አኤ 6/6 የተባለው፣ በ1952 እ.ኤ.አ. መጣ። በሰዓት 125 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ 120 ተሠርተዋል። የመጀመሪያዎቹ 25 የካንቶኖችን (የስዊዘርላንድ ክልሎችን) ስም ይዘዋል። ለፍጥነትና ለጉልበት እሱን እመርጣለሁ። ኩርባ ላይ ግን ሦስት ሦስት አክስል (የጎማ ዘንግ) የያዙት ቦጊዎቹ፣ ማለትም ከሥሩ ያሉት የመንኮራኩር ማቀፊያዎች፣ ሐዲዱን ይበሉታል። እዚህ ላይ አዞው ይሻላል።