ጥጥ፣ ፖሊስተር ወይስ ሰልባጅ? ቲሸርት ከመግዛታችሁና ከማሳተማችሁ በፊት

ጥር መጣ ማለት ጎጃም ውስጥ ቲሸርት ማሳተም መጣ ማለት ነው። ጥምቀት በ11፣ ሰባር ጊዮርጊስ በ18፣ እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በ23፣ መሀል መሀሉን ደግሞ ሰርግ በሰርግ ነው፣ እና የሰፈር ልጆች ብር አዋጥተው አንድ አይነት ለብሰው ታቦት የሚያጅቡበት ምንጣፍ የሚያነጥፉበት ሰሞን ነው። ሁሌ የሚገርመኝ ግን ስለ ዲዛይኑ ቴሌግራም ላይ ሳምንት ሙሉ ስንጨቃጨቅ ከርመን ጨርቁ ምንድነው ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው አይገኝም።

ቲሸርት ስትገዙ የምትገዙት ሁለት ነገር ነው፣ ገላችሁን የሚነካው ጨርቅና ሰው የሚያነበው ጽሑፍ። ሁለቱም ያማረ ይገኛል ግን ርካሽ አይደለም፣ ስለዚ ብሩ ካልበቃ የቱን እንደምታስቀድሙ ቀድማችሁ ወስኑ ነው የምለው። ይሄን ሳይወስኑ ሱቅ የገባ ሰው ሻጩ የሰጠውን ይዞ ይወጣል።

መጀመሪያ የነበረው ጨርቁ ነው። ቲሸርት የውስጥ ልብስ ነበር፣ የአሜሪካ ባህር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1913 አካባቢ ለመርከበኞቹ ከዩኒፎርም ስር የሚለበስ ነጭ እጅጌው አጭር የጥጥ ካናቴራ ማደል ጀመረ፣ ላብ ይመጥጣል፣ ለማጠብ ቀላል ነው፣ የሚበጠስ ቁልፍ የለውም፣ ሙቀት ሲበረታ ደግሞ የላዩን አውልቀው በሱ ብቻ ይሰሩ ነበር። ጽሑፉ ቀስ ብሎ ነው የመጣው፤ በ1942 ላይፍ መጽሔት ሽፋኑ ላይ የአየር ኃይል ተኩስ ትምህርት ቤት ስም የታተመበት ቲሸርት የለበሰ ወታደር አወጣ፣ ከዛ ማርሎን ብራንዶ በ1951 ጀምስ ዲን በ1955 ፊልም ላይ ለብሰውት ታዩና የውስጥ ልብስ የነበረው ነገር የወጣት ልብስ ሆኖ አረፈው። ከ1960ዎቹ ወዲህ ፕላስቲሶል የሚባለው በሙቀት የሚደርቅ ቀለም ሲስፋፋ ደረት ላይ ያልተጻፈ ነገር የለም። የኩባው ፎቶ አንሺ ኮርዳ በ1960 ያነሳው የአብዮተኛው የቼ ጉቬራ ፎቶ፣ ዲዛይነሩ ሚልተን ግሌዘር በ1977 ለኒውዮርክ የሰራው ቀይ ልብ ያለበት ምልክት፣ ሁለቱም ቲሸርት ላይ ታትመው አለምን ዞረዋል።

እኛ ጋ ደግሞ ከ2001 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የታላቁ ሩጫ ካናቴራ አለ፣ ሩጫው አዲስ አበባ ይሁን እንጂ ካናቴራው ቡሬና ፍኖተ ሰላም ገበያ ላይ ከአረንጓዴ ቁምጣ ጋር ተለብሶ ታዩታላችሁ። ከሁሉ ልቤን የሚነካው ግን የለቅሶው ነው። የሟች ጓደኛቸውን ፎቶ ደረታቸው ላይ አሳትመው ሙት አመት ላይ የሚቆሙ ልጆች፣ ያንን ቲሸርት እኮ ሳጥን ውስጥ አጣጥፈው ለአመታት ነው የሚያስቀምጡት፣ እና በሁለተኛው እጥበት ፊቱ ተሰነጣጥቆ ሲላጥ ማየት በጣም ያሳምማል። ለምርቃት ወይ ለኳስ የታተመ ቢላጥ ይታለፋል፣ ይሄኛው ግን አይታለፍም፣ ለዛ ነው ስለ ህትመት ጥራት ዝም ማለት የማልችለው።

ወደ ጨርቁ። የቲሸርት ጨርቅ እንደ ጋቢ በድርና ማግ የተሸመነ አይደለም፣ እንደ ሹራብ ክሩ ቀለበት በቀለበት እየተያያዘ ነው የሚሰራው፣ ስትስቡት የሚለጠጠው ለዛ ነው። ባህር ዳር ከ1953 ዓ.ም ጀምሮ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ የተሰራ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት፣ ጨርቅ ዳሶ የሚለይ ሰው ሞልቷል፣ ግን በሽመና ጨርቅ የለመደ እጅ ቲሸርት ላይ ይታለላል ምክንያቱም አዲስ ፖሊስተር ሱቅ ውስጥ ሲነኩት ከጥጡ በላይ ይለሰልሳል። ልዩነቱ የሚመጣው ሲለበስ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ባህር ዳር ላይ ቀኑን ሙሉ ባጃጅ የሚነዳ ሰው ፖሊስተር ከለበሰ ላቡ ጀርባው ላይ ይቀራል፣ ሽታውም ቶሎ ይይዛል፣ ታጥቦም በደንብ አይለቅም። ጥጥ ላቡን ይጠጣል፣ ግን ይጨማደዳል፣ ካውያ ይፈልጋል፣ ሲታጠብ ትንሽ ያጥራል፣ ጥቁሩ ደግሞ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ይደበዝዛል፣ ገልብጣችሁ ጥላ ውስጥ አስጡት። ፖሊስተር ቀለሙ አይለቅም፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ለኳስ ማሊያ ከሱ የሚሻል የለም። ድብልቁ መሀል ላይ ነው፣ ለትምህርት ቤትና ለስራ ቦታ ይበቃል፣ ብዙም የምለው የለኝም።

ውፍረቱ የሚለካው በካሬ ሜትር ስንት ግራም ነው ተብሎ ነው፣ ደህና አታሚ ጋ ስትሄዱ ይሄን ጠይቁ። 140 አካባቢ ስስ ነው፣ ነጭ ከሆነ የውስጥ ልብስ ያሳያል። ከ160 እስከ 180 ለባህር ዳር ጥሩ ነው፣ ደብረ ማርቆስ ግን ወደ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት ጠዋት ጠዋት ብርዱ አይቻልም እና እዛ 200 እና ከዛ በላይ ብትይዙ አትጸጸቱም፣ ወፍራሙ ቅርጹንም ይዞ ይቆያል።

ሻጩ «እታለም ሙት ንጹህ ጥጥ ነው» ሲላችሁ መማሉን ተውትና ጨርቁን ፈትሹት። ከታችኛው እጥፋት ውስጥ ከራሱ ከጨርቁ ትንሽ ክር ምዘዙ፣ የስፌቱን ክር አይደለም ምክንያቱም ጥጥ ቲሸርት ላይም የስፌቱ ክር ብዙ ጊዜ ፖሊስተር ነው፣ ከዛ ራቅ ብላችሁ በላይተር ለኩሱት። ጥጥ ከሆነ ቦግ ብሎ ይነዳል፣ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱን በጣት ስትነኩት ብን ይላል። ፖሊስተር ከሆነ ይሸማቀቅና ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ጫፉ ላይ ጥቁር ጠጠር የምታክል ጠንካራ ፍሬ ትቀራለች። ድብልቅ ከሆነ ሁለቱንም ያደርጋል። ቀጥላችሁ ኮሌታውን ሳብ አድርጋችሁ ልቀቁት፣ ቶሎ ወደ ቦታው ካልተመለሰ በወሩ ይንዘላዘላል። ከአንገቱ ጀርባ ከትከሻ እስከ ትከሻ በውስጥ በኩል ቀጭን ጨርቅ ተሰፍቶበት ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። የጎኑ ስፌት ደግሞ ቀጥ ብሎ መውረድ አለበት፣ ገና ሱቅ ውስጥ ወደ ሆድ ዞሮ ካያችሁት ሲታጠብ ይብስበታል።

ሰልባጁስ? ሰው ይንቀዋል፣ እኔ ግን አዲስ ስስ ፖሊስተርና ያገለገለ ወፍራም ጥጥ በአንድ ዋጋ ቢቀርብልኝ ያገለገለውን ነው የማነሳው። ብዙ ጊዜ ታጥቧል፣ ማጠር ያለበትን አጥሮ ጨርሷል፣ ቀለሙም የሚለቀውን ለቋል፣ ያያችሁት ሳይዝ ያው ነው። የድሮዎቹ፣ እ.ኤ.አ. እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ የተሰሩት፣ የእጅጌያቸውና የታችኛው እጥፋት ስፌት ብዙ ጊዜ አንድ መስመር ብቻ ነው፣ ያሁኖቹ ሁለት ናቸው፣ ውጪ ሀገር ሰብሳቢዎች በዚች አንድ መስመር ብቻ ዋጋ ይጨምሩበታል። ችግሩ ልባሽ ጨርቅ ማስገባት የተከለከለ ነው፣ ደረሰኝ የለም፣ ነገ መልሱልኝ ማለትም የለም፣ በዛ ላይ አንድ አይነት ሁለት አይገኝም ስለዚ ለቡድን አይሆንም። ስትገዙ ብብቱንና ኮሌታውን እዩ፣ የተጻፈበትንም አስነብቡ፣ እናታችን ትርጉሙን የማታውቀው አሳፋሪ ጽሑፍ ለብሳ ገበያ እንድትወጣ አንፈልግም አይደል። ቤት ስትደርሱ በፈላ ውሃ ዘፍዝፉት።

አሁን ህትመቱ፣ ብዙ ብር የሚባክነው እዚ ላይ ነው። ስክሪን ፕሪንት ቀለሙን በወንፊት አሳልፎ ማተም ነው፣ ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ወንፊት ይሰራለታል፣ ስለዚ ለአምስት ቲሸርት ውድ ነው፣ ለመቶ ግን ርካሽ፣ እና በደንብ በሙቀት ከደረቀ ቲሸርቱ ራሱ ቀድሞ ያረጃል። አንድ ወይ ሁለት ቀለም ያለው የጥምቀት ጽሑፍ ከሆነ ሌላ አትፈልጉ። ሰብሊሜሽን ቀለሙ ክሩ ውስጥ ይገባል፣ በእጅ ስትዳስሱት ምንም የለም፣ አይላጥም አይሰነጠቅም፣ ግን የሚሰራው ፖሊስተር ላይና ነጭ ወይ በጣም ፈካ ያለ ቀለም ላይ ብቻ ነው፣ ጥጥ ላይ እሰራለሁ የሚላችሁ ካለ ትታችሁት ውጡ፣ በጥቂት እጥበት ይጠፋል። ዲቲኤፍ የሚባለው አዲሱ ፎቶውን ፊልም ላይ አትሞ በዱቄት ሙጫ በሙቀት ይለጥፈዋል፣ ጥጥም ጥቁርም ላይ ይሰራል፣ ለአንድ ቲሸርትም ይሆናል፣ ትልቅ ፎቶ ከሆነ ግን ደረት ላይ እንደ ላስቲክ አየር አያስገባም። ተቆርጦ የሚለጠፈው ስስ ፕላስቲክ፣ ቪኒል የሚሉት፣ ለማሊያ ቁጥርና ስም ጥሩ ነው፣ ለረጅም ጽሑፍ አልመክርም። ከሁሉ ርካሹ በተራ ፕሪንተር ወረቀት ላይ ታትሞ በካውያ የሚተኮሰው ነው፣ ያ የለቅሶ ቲሸርት ላይ የሚሰነጠቀው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ለመታሰቢያ ከሆነ ወይ ነጭ ፖሊስተር ላይ ሰብሊሜሽን ወይ ጥጥ ላይ ዲቲኤፍ አሰሩ፣ ከሁለቱ እኔ ሰብሊሜሽኑን እመርጣለሁ፣ ያ ቲሸርት በአመት አንዴ ሁለቴ ነው የሚለበሰው ስለዚ ምቾቱ ይቅር፣ ፊቱ ይቆይ።

የኛ ፊደል ላይም ተጠንቀቁ። እንደ ኋ፣ ጯ፣ ዐ ያሉት ውስጣቸው ትንንሽ ቀዳዳ ወይ ጠባብ ክፍተት አለ፣ ጽሑፉ ካነሰ ስክሪን ላይ ቀለሙ ይደፍነዋል፣ ቪኒል ላይ ደግሞ ትርፉን ሲለቅሙ የመሀሏን ክብ ማውጣት ያስቸግራል። ወፍራም ፊደል በትልቁ አጽፉ፣ ከጥቅስ አራት መስመር አንድ መስመር ይበልጣል። ከመታተሙ በፊት ፊደል የሚያውቅ ሌላ ሰው ያንብበው፣ የታቦቱ ስም ላይ አንዲት ፊደል ከተሳተ ስልሳ ቲሸርት ነው የሚበላሸው።

ሲጠቃለል፣ በየቀኑ ለምትለብሱት ከ160 ግራም በላይ ጥጥ ያለ ምንም ጽሑፍ ወይ ትንሽ ጽሑፍ ያለበት፣ ለጥምቀት ማህበር ጥጥ በስክሪን፣ ለኳስ ቡድን ፖሊስተር በሰብሊሜሽን። አታሚውን ከታህሳስ መጀመሪያ ጀምሮ ያዙት፣ ጥር ከገባ ወረፋውም ዋጋውም ሌላ ነው። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ናሙና አሰርታችሁ ውሰዱ፣ በዱቄት ሳሙና ሶስቴ እጠቡት፣ ቲሸርቱን ገልብጣችሁ በጀርባው በኩል ተኩሱት፣ ከዛ ነው ስልሳውን ማዘዝ።