ለስካንና ለህትመት የሚሆን ኔጌቲቭ፦ ኤክታር፣ ፖርትራ፣ ጎልድ ወይስ ጥቁርና ነጭ?

ፊልም የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ቀለሙ ድምቀት ነው፤ ፎቶው ስካን ተደርጎ የሚታተም ከሆነ ግን መቅደም ያለበት ጥያቄ ፊልሙ ጥላ ውስጥ ያለውን ነገር ምን ያህል ይይዛል የሚለው ነው። ብርሃን ያነሰው ኔጌቲቭ (ታጥቦ ብርሃኑና ጥላው ተገልብጦ የሚታይበት ፊልም) ሳስቶ ስለሚወጣ ስካነሩ ከዚያ ቦታ የሚያነበው ጥቂት ነው፤ ጥላውም በወረቀት ላይ ቅንጣቱ (ምስሉን የሚሠሩት ጥቃቅን ነጠብጣቦች) ጎልቶ፣ ቀለሙ ተበላሽቶ ይታያል። የሐዋሳ የቀትር ፀሐይ ከአናት ስለምትወርድ ኮፍያ ያደረገ ሰው ፊት ሁልጊዜ ለዚህ ችግር የተጋለጠ ነው።

በሐዋሳው የዓሣ ገበያ በአሞራ ገደል አንድ ዓሣ አጥማጅ አምባዛ ሲበልት፣ አጠገቡም አባ ኮዳ ቆሞ ሲጠብቅ፣ በኮዳክ ኤክታር 100 እና በኮዳክ ፖርትራ 400 አከታትዬ አንስቻለሁ። የኤክታሩ ቅንጣት እጅግ ደቃቅ ስለሆነ የሐይቁ ሰማያዊና የጀልባው ቀለም ጥርት ብለው ወጡ፤ በኮፍያው ጥላ ሥር የነበረው ፊት ግን ወደ ሰማያዊ አደላ፣ በኮምፒውተር ላነሣው ስሞክር ደግሞ ጉንጩ ቀላ። ፖርትራው የብርሃን ስሜቱ (ISO) 400 ቢሆንም ካሜራውን 200 ላይ አድርጌ፣ ማለትም አንድ ስቶፕ (እጥፍ) ብርሃን ጨምሬለት ስለነበር ፊቱም የአባ ኮዳው ነጭ ሆድም ዝርዝራቸውን ይዘው ወጡ። ሐይቁ በእርግጥ ፈዘዝ ብሏል፤ ይሁን እንጂ የፈዘዘን ምስል ከስካን በኋላ ማድመቅ ቀላል ሲሆን በጥላ የጠፋን ፊት መመለስ ግን አይቻልም። ስለዚህ ለሰው ፖርትራ፣ ለሐይቅና ለመልክዓ ምድር ኤክታር እላለሁ፤ ኤክታርን የሚመርጥ ሰው ብርሃኑን ለጥላው ይለካ።

ኮዳክ ጎልድ 200 ከሁለቱም ይረክሳል፤ ቀለሙ ሞቅ ያለ፣ ቅንጣቱ ሻካራ ነው። ለአልበም በ10 በ15 ሳንቲ ሜትር ለሚያሳትም ሰው ከዚህ በላይ መክፈል አያስፈልግም።

በጥቁርና ነጭ በኩል ልዩነቱን የሚፈጥረው አቧራ ነው። ብዙ የፊልም ስካነሮች አቧራንና ጭረትን በኢንፍራሬድ ብርሃን ለይተው ያጠፋሉ፤ እንደ ኢልፎርድ ኤችፒ5 ፕላስ ባለ የተለመደ ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ግን ምስሉን የሠራው ብር ራሱ ኢንፍራሬዱን ስለሚጋርድ ዘዴው አይሠራም። ኢልፎርድ ኤክስፒ2 ሱፐር ምስሉ ከቀለም የተሠራ ስለሆነ ከባለቀለም ፊልም ጋር በአንድ ኬሚካል ይታጠባል፣ አቧራውም በኢንፍራሬድ ይጸዳል። ፊልሙን ቤቱ በ20 ዲግሪ የሚያጥብና አንድ ምሽት ሙሉ አቧራ በመልቀም የማይሰለች ሰው (እኔ ሰልችቶኛል) ኤችፒ5ን ይያዝ።

ለደቃቅ ቅንጣት ከመክፈል በፊት የስካነሩን አቅም ማወቅ ይገባል። የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም አንዱ ምስል 24 በ36 ሚሊ ሜትር ነው፤ በኢንች 2400 ነጥብ ስካን ሲደረግ 2270 በ3400 ፒክስል ገደማ ይሰጣል፣ ይህም በኢንች 300 ነጥብ ሲታተም 19 በ29 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። በዚያው ስካነር 6 በ6 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚያነሣ ባለ 120 (ከ35 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ) ፊልም ካሜራ በየጎኑ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ህትመት ስለሚያስገኝ፣ ትልቅ ህትመት የሚፈልግ ሰው የፊልሙን ዓይነት ከመለወጥ ይልቅ መጠኑን ቢለውጥ ያተርፋል።

ፊልሙን ከውጭ የሚያመጣ ዘመድ ካለ በእጅ ሻንጣው እንዲይዘው አደራ ይባል፤ ለጭነት የሚሰጥ ሻንጣ የሚያልፍበት ኤክስሬይ ያልታጠበን ፊልም ያበላሻል፤ ፖርትራ 400 ደግሞ ከኤክታር 100 ይልቅ ለዚህ ስስ ነው።